በኖራ ድንጋይ ከተማ የጥቁር ውሃ ተክል

ድሬዳዋ ውስጥ የውሃውን ጠባይ ከቡና ማሽን ጠጋኝ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላምንም። ከዚራም ይሁን ሳቢያን፣ ለገሃሬም ይሁን መጋላ፣ አንድ ቡና ቤት «እንፋሎቱ ደከመ፣ ውሃውም ቶሎ አልሞቅ አለ» ብሎ ሲጠራኝ ማሽኑን ሳልፈታው የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። የማሞቂያው ሆድ ነጭ ኖራ ለብሷል፤ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ታፍነዋል። ሲትሪክ አሲድ በጥብጬ ስጨምርበት ኖራው አረፋ እያወጣ ይሟሟል፤ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ተመልሶ ይጋገራል። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ሥራ ስለሆነ ኖራውን አልጠላውም።

ከየት እንደሚመጣም የታወቀ ነው። ከተማችንን የከበቧት ተራሮች የኖራ ድንጋይ ናቸው። የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም፣ እንደ ፖርክ ኤፒክ ያሉት ዋሻዎች የተፈለፈሉትም በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። ዝናቡ በስንጥቁ እየሰረገ ሲወርድ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይሄዳል፤ እኛም ያንኑ ከጉድጓድ ስበን እንጠጣለን። ለአጥንት መልካም ነው ይባላል። በቤቴ የማሳድጋቸው የውሃ ተክሎች ግን በተፈጥሯቸው ይህን ውሃ አያውቁትም።

ቦርኒዮ ደሴት ላይ፣ በማሌዥያዋ ሳራዋክና በኢንዶኔዥያዋ ካሊማንታን፣ ረግረጋማ ደኖች አሉ። ከዛፍ የሚረግፈው ቅጠልና ቅርንጫፍ ውሃ ውስጥ ተቀብሮ አየር ስለሚያጣ በቅጡ አይበሰብስም። ለሺዎች ዓመታት ሲከማች ኖሮ ሜትሮች የሚወርድ ጥቁር ንብርብር ይሆናል፤ ፒት የሚባለው እሱ ነው። በመካከሉ የሚፈሰው ውሃ ከቅጠሉ የሚወጡትን፣ ታኒንና ሂዩሚክ አሲድ የሚባሉትን ስለሚወስድ ቀለሙ እኛ ሐረርጌዎች ከቡና ቅጠል የምናፈላውን ቁጢ ይመስላል። በደቡብ አሜሪካም ማናውስ ከተማ አጠገብ ከሌላው ወንዝ ጋር ተገናኝቶ አማዞንን የሚያገዝፈው ሪዮ ኔግሮ እንዲህ ያለ ነው። ቀለሙን ያየ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል እንጂ ውሃው የሟሟ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ረገድ ከዝናብ ውሃ ብዙም አይለይም። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 4 ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል። ጥቁር ውሃ የሚባለው ይህ ነው፤ ለአብዛኛው ተክል ረሃብ ሲሆን ለጥቂቶቹ ርስታቸው ነው።

እኔ የያዝኳቸው ክሪፕቶኮሪን ከሚባለው ወገን ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ ፓሊዲነርቪያ እና ሎንጊካውዳ። ወገኑ ከሕንድ እስከ ኒው ጊኒ ከ60 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ቤተሰቡ የጎደሬ ቤተሰብ ነው። በደቡብ በኩል ጎደሬ ሲበላ ያደገ ሰው የቅጠሉን አወጣጥ ቢያይ ዝምድናው ወዲያው ይገባዋል፤ አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ከአሮጌው አገዳ ሥር ይወጣል። የእኔዎቹ ግን ቁመታቸው ከስንዝር ብዙ አይበልጥም፤ የሎንጊካውዳ ቅጠልም የተሸበሸበ ነው። አንድ ባርክላያ ሞትሌይም አለችኝ፤ እሷ የውሃ አበባ ዘመድ ናት፤ ቅጠሏ ክብ፣ ጀርባው ጸጉራም ነው። እሷን ገና እየተማርኳት ስለሆነ ዛሬ ብዙ አልናገርላትም።

ተክሎቹን የላከልኝ ሆላንድ የሚኖር የወንድሜ ወዳጅ ነው። የማስገቢያ ፈቃድ ወጥቶላቸው፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ተያይዞላቸው ነው የገቡት። ጊዜ ወስዷል፤ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ አቋራጭ መንገድ ሊኖር አይገባም። ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል መሆኑን ማንም አይርሳ። የእኔዎቹ በከተማችን በሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አንድ ሳምንት እንደማይቆዩ አውቃለሁ፤ እንዲያም ሆኖ አንዲት ቅጠል ከግቢዬ ወጥታ ወደ ቦይ እንድትገባ አልፈቅድም።

እነዚህን ተክሎች ማሳደግ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ልጨምርበት?» ብሎ ነው። ማዳበሪያ ነው? አሲድ ነው? ልዩ መብራት ነው? መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ኖራውን ከውሃው አውጡ። ባይካርቦኔት የሞላበት ውሃ ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል ቅጠል ብትዘፈዝፉ ቀለሙ ይጠቁራል እንጂ ፒኤቹ ንቅንቅ አይልም። አሲድ ብትጨምሩበት ባይካርቦኔቱ አሲዱን እየዋጠ ይመልስባችኋል፤ እያበዛችሁ ብታሸንፉትም ካልሲየሙ እዚያው ነው፤ በላዩ ላይ የአሲዱ ጨው ይጨመርበታል። ጥቁር ቀለም ያለው የድሬዳዋ ውሃ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ጥቁር ውሃ ግን አይደለም።

ተክሎቹ በኖራማው ውሃ የሚሠቃዩበት ምክንያት በደንብ የታወቀ ነው። አንደኛው ብረት ነው። ፒኤች ከፍ ሲል ብረት ከውሃው ተለይቶ ስለሚረጋ ሥሩ ሊወስደው አይችልም፤ አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ይወጣል። በጥቁር ውሃ ውስጥ ሂዩሚክ አሲዱ ብረቱን አቅፎ ስለሚይዘው ተክሉ ጥቂቱን ሳያጣ ይኖራል። ሁለተኛው ካርቦን ነው። ፒኤቹ ከ6 በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ካርቦኑ አብዛኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይገኛል፤ ወደ 8 ሲጠጋ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ባይካርቦኔት ይሆናል፤ እነዚህ ተክሎች ደግሞ ባይካርቦኔትን መመገብ አልለመዱም። ከዚሁ ወገን የሆነው፣ በገበያ የሚገኘው የስሪላንካው ዌንድቲ ግን ይህን ሁሉ ችሎ በቧንቧ ውሃችን ይኖራል። ጀማሪ የሆነ ሰው ከእሱ ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ቆንጆና ታጋሽ ተክል ነው።

እንግዲህ ኖራውን እንዴት እናውጣ? ማፍላት ከፊሉን ያስወጣል፤ ከባይካርቦኔት ጋር ያለው ካልሲየም ሲፈላ ኖራ ሆኖ ይዘቅጣል፤ በየጀበናውና በየማሽኑ የምናየው ያ ነው። ከሌሎች ጨዎች ጋር ያለው ግን እዚያው ይቀራል። ቡና ቤቶች ለማሽን የሚገዙት ማለስለሻ ደግሞ፣ በጨው የሚታጠበው ማለቴ ነው፣ ለማሽኑ መድኃኒት ሲሆን ለተክሉ አንዳች አይጠቅመውም። ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ያስገባል፤ ባይካርቦኔቱን አይነካውም። አንድ ደንበኛዬ በዚህ ውሃ ተክል ሊያሳድግ አስቦ «ውሃው እኮ ለስልሷል» ሲለኝ መለኪያውን አውጥቼ ነከርኩለት። ቁጥሩ ከቧንቧው ውሃ አልወረደም።

መለኪያው ሊኖራችሁ ይገባል። የውሃን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በማይክሮሲመንስ የሚያሳይ፣ እንደ እስክሪብቶ በኪስ የሚያዝ ዕቃ ነው። በእኛ ቤት ቧንቧ ከ800 በላይ ያነባል። ተክሎቼ የሚፈልጉት ከ50 በታች ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው ሥራው ሁሉ ያለው።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ኖራውንም ጨዉንም ያስወጣል። እኔም አለኝ፤ ነገር ግን አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመስጠት ሦስት አራት ሊትር የሚጥል መሣሪያ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚጥለውን እንኳ በጄሪካን እየያዝን ወለል እናጥብበታለን። ስለዚህ ዋናው ምንጬ ሰማይ ነው።

ድሬዳዋ ዝናብ አይበዛላትም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ጥቂት፣ በሐምሌና በነሐሴ ሻል ያለ። ሲዘንብ ግን ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ውሃን አልጠቀምም። የዝናብ ውሃ በራሱ ትንሽ አሲድነት ስላለው ከቆርቆሮው ዚንክ ያሟሟል፤ ዚንኩም ሲበዛ ተክሉን ይጎዳል። ጣሪያው ላይ የከረመው አቧራም ራሱ ኖራ አዘል ነው። እኔ ግቢው ውስጥ ንጹሕ ላስቲክ በአራት እንጨት ወጥሬ መሐሉን በድንጋይ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ከሥሩ በርሜል አለ። ድንጋዩ ከወንዝ የመጣ ሳይሆን የሸክላ ስባሪ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ የሚወርደው ዝናብ አየሩን ያጥባል፤ እሱን ለቲማቲሞቹ እለቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እይዛለሁ። ነሐሴ ላይ ከ15 በታች የሚያነብ ውሃ ስይዝ የሚሰማኝን ደስታ ባለቤቴ ታውቀዋለች፤ ማታ ዝናብ ሲጀምር እኔ ሳልነቃ የምትነሳውም እሷ ናት።

በርሜሉን ክደኑት። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። በ2006 ዓ.ም. በከተማችን የተነሳውን የዴንጊ ትኩሳት የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ትንኙ የሚራባው በየቤቱ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። በ2014 ዓ.ም. የበረታው ወባም ከእስያ ከመጣች፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ መራባት ከምትወድ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። በርሜሌ አፍ ላይ በወፍራም ላስቲክ የታሰረ ጥሩ ወንፊት መረብ አለ፤ ከላዩም ክዳን። ለተክል ብሎ ጎረቤትን ማሳመም አይገባም።

አሁን ስለ ድንጋዩና ስለ አሸዋው። የደቻቱ አሸዋ በነፃ የሚገኝ፣ ውብ አሸዋ ነው። አንድ እፍኝ በብርጭቆ አድርጋችሁ ኮምጣጤ ጠብ ብታደርጉበት ግን ሽሽሽ እያለ ሲፈላ ታያላችሁ። ከማሽን ማሞቂያ የምፍቀው ኖራም በአሲድ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወንዙ የሚወርደው ከኖራ ድንጋዩ ተራራ ነውና። እንዲህ ያለ አሸዋ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ከገባ ቀስ እያለ እየሟሟ ያን ሁሉ የዝናብ ድካም ገደል ይሰደዋል። እኔ የማስመጣው ከባቢሌ በኩል ነው። እዚያ እርስ በእርሳቸው የተደራረቡት ታዋቂ ቋጥኞች ግራናይት ናቸው፤ ከእነሱ የተፈረፈረው አሸዋ ኮምጣጤ ቢጠጣም ዝም ይላል። ጅጅጋ መስመር ላይ የሚሠራ ሹፌር ዘመዴ በማዳበሪያ ከረጢት ያመጣልኛል።

ከአሸዋው ጋር የማቀላቅለው የቅጠል ብስባሽ ነው። የአውሮፓ አሳዳጊዎች ቢች ከሚባለው ዛፍ ሥር የሚሰበሰበውን ብስባሽ ይመርጣሉ፤ በእኛ አገር የለም። እኔ አሮጌ የዘይቱን ዛፍ አለኝ፤ ፍሬውን ልጆች፣ ቅጠሉን እኔ ነው የምንካፈለው። ራሱ የረገፈውን ብቻ እሰበስባለሁ፤ አረንጓዴውን አልቀጥፍም፤ የደረቀው ስኳሩን ስለጨረሰ ውሃ ውስጥ አይሸትም። ከደረቀ የሙዝ ቅጠል ጋር በዝናብ ውሃ እያራስኩ በጥላ ሥር ለወራት አስቀምጠዋለሁ። ሲጠቁርና ሲፈረፈር ከባቢሌው አሸዋ ጋር እኩል በእኩል አደርገዋለሁ። ፍግ የለበትም፤ ማዳበሪያም የለበትም። አንዳንድ ሰው ጭካኔ ይመስለዋል። ተክሉ በድህነት ያደገ ነው፤ ብዙ ከሰጣችሁት የሚጠግበው አልጌው ነው።

ከውሃው ቀጥሎ ያለው ፈተና ሙቀት ነው፤ የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ቀን ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ገንዳ 31 እና 32 ይደርሳል። ቦርኒዮ ሞቃት ናት ተብሎ ይታሰባል፤ ጅረቶቹ ግን በደን ጥላ ሥር ስለሚሄዱ ውሃቸው በ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሥሩ ይታፈናል፤ ብስባሹም መሽተት ይጀምራል። ገንዳው ላይ የምታዞሩት ትንሽ ማራገቢያ ውሃውን እያተነነ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርድላችኋል፤ የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ስለሆነ ጨዉ እየጠነከረ ይሄዳል። የጎደለውን በዝናብ ውሃ ብቻ ሙሉ። ማራገቢያው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቆማል።

በዚህ ምክንያት አብዛኛዎቹን ተክሎቼን የማሳድገው ከውሃ በላይ ነው። በተፈጥሯቸውም ቢሆን ወንዙ ሲጎድል ቅጠላቸው አየር ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያብቡትም ያን ጊዜ ነው። በትንንሽ የሸክላ ማሰሮ ተክዬ፣ ማሰሮዎቹን ክዳን ባለው ግልጽ የላስቲክ ሳጥን ውስጥ እደረድራለሁ፤ ሳጥኑ ከታች ሦስት ጣት ያህል የዝናብ ውሃ አለው። ክዳኑ ስለተዘጋ አየሩ እርጥብ ነው፤ የድሬዳዋ ደረቅ ንፋስ አያገኛቸውም። ሳጥኑን ያስቀመጥኩት ከዚራ በሚገኘው አሮጌ ቤታችን ምድር ቤት፣ በሰሜኑ ክፍል ነው። የባቡሩ ዘመን ሰዎች ግድግዳውን አወፍረው፣ ጣሪያውን ከፍ አድርገው ስለሠሩት አምላክ ይስጣቸው። በሳጥኑ ዙሪያ እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ፤ ጆንያው የሚርሰው ማጣሪያው በጣለው ኖራማ ውሃ ነው። በደረቁ አየራችን ጆንያው ሲተን ሳጥኑን ያቀዘቅዘዋል፤ ይህ ዘዴ መብራት አይፈልግም፤ ዋጋም የለውም። ጆንያው በኖራ ነጥቶ ሲደርቅ ይቀየራል።

ተክል ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሲዛወር ቅጠሉ ይቀልጣል፤ ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ትደነግጣላችሁ። ከሆላንድ የመጡት በደረሱ በሳምንታቸው ቅጠላቸው እንደ ብርጭቆ ሆነና ፈሰሰ። ታናሿ ልጄ ሳጥኑን አይታ «አባዬ፣ ሞቱ እኮ፤ ልጣላቸው?» አለችኝ። «ተይ፣ ሥሩ ነጭ እስከሆነ ድረስ ተክሉ አለ» አልኳት። አሮጌው ቅጠል ለአሮጌው ውሃ የተሠራ ነበር። ሥሩን አትንኩ፤ ለማየት ብላችሁ አትቆፍሩ፤ ውሃውን አትቀያይሩ። አዲሱ ቅጠል ከመጀመሪያው ያነሰና የጠቆረ ሆኖ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን የዚህ ቤት ነው።

የፓሊዲነርቪያን አበባ ያየሁት ባለፈው መስከረም ነው። ከቅጠሎቹ መሐል ረጅም ቱቦ ይወጣል፤ ጫፉ ተከፍቶ ቀይ ሆኖ ይታያል። አበቦቹ ራሳቸው ግን ከታች፣ በቱቦው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተደበቁ ናቸው፤ ሴቶቹ ከታች፣ ወንዶቹ ከላይ። ትንንሽ ዝንቦች በጠረኑ ተስበው ይገቡና ጥቂት ታግደው ይቆያሉ፤ ሲለቀቁ የአበባ ዱቄቱን ይዘው ይወጣሉ። ዝርያውን በእርግጠኝነት የሚያሳውቀው ቅጠሉ ሳይሆን ይህ አበባ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ውሃውና እንደ ብርሃኑ ይለዋወጣል። የዴንማርኩ የዕፅዋት ተመራማሪ ኒልስ ያኮብሰን ይህን ወገን ለመለየት ረጅም ዘመን ደክሟል፤ ሥራው ባይኖር እኔ ዛሬ የያዝኩትን ተክል በስሙ ልጠራው አልችልም ነበር።

ለምን ይህን ያህል ትደክማለህ የሚሉኝ አሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. ማዕከላዊ ካሊማንታን ውስጥ የኢንዶኔዥያ መንግሥት 1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሆን ፒት መሬት ወደ ሩዝ እርሻ ለመለወጥ ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። ውሃው ወጣ፤ ፒቱ ደረቀ፤ በ1997ቱ ድርቅ እሳት ያዘው። የደረቀ ፒት ከሥር እየጨሰ ለወራት ይነድዳል። ሩዙም እንደታሰበው አልበቀለም። በሌላው ቦታ ደግሞ ደኑ ለዘይት ዘንባባ እየተመነጠረ ነው። ሐሮማያ ሐይቅ በዐይናችን ፊት ሲደርቅ ያየን ሰዎች ይህ ወሬ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆንብን አይችልም። ሐይቁ በኋላ በከፊል ተመልሷል፤ የተቃጠለ ፒት ግን በሺዎች ዓመታት እንጂ በአንድ ክረምት አይመለስም። በዚያ ውሃ ብቻ መኖር የሚችል ተክል ውሃው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በሳጥኔ ያሉት ደኑን አይተኩትም፤ ቢሆንም እዚህ ሕያው ናቸው፤ ሥር እየሰደዱ ነው፤ በዚህም ከልቤ እደሰታለሁ።

ሎንጊካውዳው በዚህ ዓመት ከሥሩ ቡቃያዎች አውጥቷል፤ የነሐሴ ዝናብ ከተያዘ በኋላ እለያቸዋለሁ። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሆኖ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ካለ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ፤ ሐረር በቅዝቃዜዋ ከእኛ የተሻለች ስለሆነች ከዚያ የሚመጣ ቢኖር ደስታዬ ነው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከ50 በታች የሚያነብ አንድ ጄሪካን ውሃ ይዛችሁ ኑ፤ አሸዋችሁንም ኮምጣጤ አቅምሳችሁት ይሁን።